ግራ ጌታውን የዋጠች ማኪና

ግድየለሽ ሰው ሲሳሳት በድንገት ነው፤ ጠንቃቃ ሰው ሲሳሳት ግን ለክቶ፣ አመሳክሮ፣ በስመ አብ ብሎ ነው። የግድየለሹ ስሕተት እንደ አቧራ እፍ ሲሉባት ትሄዳለች። የጠንቃቃው ስሕተት በብሎን ታስራለች፣ በፕላስተር ተጠቅልላለች፤ ለማውጣት መፍቻ ያስፈልጋል። ይህን ከማንም አልተማርኩትም። ወገራ ሜዳ ላይ፣ ከማኪናዬ መሪ ሥር ተጋድሜ፣ በሁለት እጄ ሁለት የሽቦ ጉቶ ቆንጥጬ ሳለሁ ነው የተገለጠልኝ።

እኔ የባሌ ጎባ ልጅ ነኝ። ጎንደር ያመጣኝ ሥራ ነው፤ ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት አድላለሁ። ይህ ሥራ ደግሞ አንድ አመል ያስይዛል፦ ካርቶን ውስጥ ታጥፋ የተቀመጠች ወረቀት ካየሁ እስከ መጨረሻዋ ሳላነብ አልተኛም። ክብሪት መመሪያ ቢኖረው ኖሮ እራቴን በሰዓቱ በልቼ አላውቅም ነበር። ከወላጅ ርቆ መኖርም በበኩሉ ጥንቃቄ ይጨምራል። በሰው አገር የሚሰናከል ሰው፣ ከመውደቁ በፊት ማን እንደሚያነሳው ዞር ብሎ ማየት አለበት።

እኔ የሚያነሳኝ አላጣሁም። የተከራየሁት እትዬ ጥሩወርቅ ግቢ ነው፤ እሳቸው ዘንድ ደግሞ አባታቸው የኔታ አሉ። የኔታ ዕድሜ ልካቸውን አቋቋም ያስተማሩ፣ ዛሬ ዓይናቸው የደከመ፣ ጉልበታቸው ያረጀ፣ ጆሯቸው ግን ገና ወጣት የሆነ ሽማግሌ ናቸው። ግቢው ውስጥ ማን እንደገባ በኮቴው ያውቃሉ። እኔን «የባሌዋ» ነው የሚሉኝ። «የባሌዋ፣ ዛሬ ምነው እግርሽን ጎተትሽ?» ይሉኛል፤ ጫማዬን ገልብጬ ሳየው ተረከዙ ሊነቀል ነው።

የማሕሌትን ሥርዓት የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ መዘምራኑ ፊት ለፊት በሁለት ረድፍ ይቆማሉ። የቀኙን ረድፍ ቀኝ ጌታ ይመራዋል፣ የግራውን ግራ ጌታ። ቀኙ ያነሣል፣ ግራው ይቀበላል፤ ግራው ያነሣል፣ ቀኙ ይቀበላል። አንዱ ከጠፋ ሌላው ለራሱ ጥያቄ ጠይቆ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ነው።

የኔታ የተወለዱበት ደብር ወገራ ውስጥ ነው። ባለፈው ክረምት የደብሩ ግራ ጌታ ዐረፉ። ሽማግሌዎቹም «ቦታው ባዶ ነው፤ የሚሆነውን ሰው የኔታ ይሰይሙልን» ብለው ላኩ። የኔታም መልሱን ራሳቸው ሄደው ሊነግሯቸው ቀጠሮ ያዙ። ሁላችንም መሪጌታ ሀብቴ ይሆናሉ ብለን ጠበቅን። መሪጌታ ሀብቴ የኔታ እግር ሥር ያደጉ፣ ጢማቸው መሸበት የጀመረ፣ ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው በአንድ ክፍል ኪራይ ቤት የሚኖሩ፣ ቋሚ ደብር የሌላቸው ሰው ናቸው። እዚያ ቢሾሙ ቤት አለ፤ ከሁሉም በላይ «ያ ሰው የት ነው የሚቆም?» ሲባል የሚጠቆም ቦታ አለ። የኔታ ግን አልቸኮሉም።

«ጓሮ ውስጥ ሁሉም ዶሮ አውራ ነው» አሉ። «በትልቅ በዓል፣ ሕዝብ ሞልቶ፣ ረድፍ ሲመራ አልሰማሁትም።»

እውነታቸውን ነው። መሪጌታ ሀብቴ በከተማችን ማሕሌት ግራውን ረድፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የመሩት የኔታ ጉልበታቸውን ታመው በተኙበት በዓል ነበር። ደግነቱ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ሰው ማሕሌቱን ቀርጾታል፤ አንድ ማይክ ከቀኙ ረድፍ ፊት፣ አንድ ማይክ ከግራው ረድፍ ፊት አቁሞ። ቅጂው በስልክ ሲከፈትላቸው የኔታ እጃቸውን አወናጨፉ።

«ይህማ ንብ በጠርሙስ ነው! በዚህ ሰው አይፈረድበትም።»

እኔም ይኸኔ አፌን ከፈትኩ። «ወደ ደብሩ በእኔ ማኪና አይደል የምንሄደው? ሸጋ ስፒከር አስገጥሜ መንገድ ላይ አሰማዎታለሁ።» ማን ጠየቀኝ? ማንም። ብዙ መከራ የሚጀምረው ማንም ያልጠየቀውን ከመመለስ ነው።

ፒያሳ ካሉት ሱቆች ባንዱ ገባሁ። ባለሱቁ ለየበሩ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ስፒከር፣ ከእነሱም ጋር የሳሙና መያዣ የምታህል ሳጥን ደረደረልኝ።

«ትልቁ ለወፍራም ድምፅ፣ ትንሿ ለቀጭን። ሳጥኗ ድምፁን ትከፍልላቸዋለች።»

«ከበሮ በየትኛው ይወጣል?»

«በትልቁ።»

«ጸናጽልስ?»

ልጁ እስኪሪብቶውን ከጆሮው ላይ አውርዶ አየኝ። እስከዚያች ቀን እንዲህ ብሎ የጠየቀው ገዢ እንዳልነበረ ከፊቱ ያስታውቃል። «በትንሿ፣ እህቴ። በትንሿ።»

«እንግዲያ ለማሕሌት የተሠራ ነው» ብዬ አዲስ ቴፕ ጨምሬ ገዛሁ።

እንዲገጥምልኝ ማኪናዬን ለአንድ ኤሌክትሪሽያን ወሰድኩ። ከእኔ በፊት ለነበረው ደንበኛ የጭፈራ ዘፈን ከፍቶ ሲሞክር የጎረቤቱ የሻይ ብርጭቆ ከጠረጴዛው ዳር እየተንፏቀቀ ሊወርድ ነበር። «የአንቺን ነገ» አለኝ። በማግስቱም «ነገ» አለኝ። የዚያ ሰው ነገ፣ እንደ ዳግም ምጽአት ቀኑና ሰዓቱ የማይታወቅ ነው። ቴፕና ስፒከሬን ሰብስቤ ወደ ቤት ተመለስኩ። ወረቀት አለው አይደል? ማንበብ እችላለሁ አይደል? ሰዓት ተቆጥሮ የሚዋጥ መድኃኒት ለሰው የምሰጥ ሴት፣ ሽቦ ከሽቦ ማገናኘት እንዴት ያቅተኛል?

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሥራ ጀመርኩ። ቅዳሜ ማለዳ መንገድ ነን። ከቴፑ ጀርባ የሚወጡት ሽቦዎች እንደ ጥልፍ ክር በቀለም የተለዩ ናቸው፦ ነጩና ጥቁር መስመር ያለበት ነጭ ለግራ በር፤ ግራጫውና ጥቁር መስመር ያለበት ግራጫ ለቀኝ በር። ለኋላ በሮች የሚሆኑ ሌሎችም ነበሩ። ወረቀቱ «የማያስፈልጉ ሽቦዎች እንዳይነካኩ ይሸፈኑ» ይላል። የእኔ ማኪና ከኋላ ስፒከር የላትም። መሸፈን ብቻውን አልበቃኝ ብሎ፣ ለጥንቃቄ፣ ከሥራቸው ቆርጬ ሸፈንኳቸው። ወረቀቱ ካለው አብልጬ መታዘዜ ነው።

በቀኙ በር ጀመርኩ፤ ሰው ሥራውን በቀኙ ነው የሚጀምር። የማሕሌት ዜማ ስከፍትበት ከበሮው በትንሿ ስፒከር በኩል ጣሳ ላይ እንደሚወድቅ ሽምብራ ተንጣጣ። ሳጥኗ ላይ አገላብጬ ማሰሬ ነው። ሳስተካክለው ከበሮው ከትልቁ ወጣ፣ የበሩም ብረት እንደ ደረት ተነፈሰ፤ ጸናጽሉ ከትንሿ ፈሰሰ። እልል ልል ቃጣኝ።

ግራው በር ላይ ግን ጥንቃቄዬ ተነሳብኝ። የነጮቹን ሽቦዎች ጫፍ በቢላ ስልጥ አንዱ ረዘም አለ። ለማስተካከል ከእሱ ቆረጥኩ። አሁን ሌላው ረዘመ። ከዚያኛው ቆረጥኩ። የልጅ ጸጉር ከፊት የከረከመች እናት ትፈርደኛለች፤ እኩል ሳይሆን ግንባር ላይ ያልቃል። ሁለቱ ሽቦዎች እኩል በሆኑበት ሰዓት እኩል የጣት አንጓ አክለው ነበር። ለመጠምዘዝ ቀርቶ ለመያዝ የሚያስቸግሩ ጉቶዎች።

ቀና ስል ጀምበሯ ልትጠልቅ ነው። ዓርብ ጀምበር ከጠለቀች ሰንበት ገባች፤ እኔም በሰንበት መፍቻ አልይዝም። ሱቅ ሄጄ ሽቦ ልግዛ ብል አይደርስም። ግራጫው ሽቦ ግን ረጅም ነው፣ ተርፎ ተንዘላዝሏል። አሰብኩ። ለካሁ። ጸለይኩ። ከዚያም የግራውን በር ከግራጫው፣ ማለት ከቀኙ መስመር ላይ አሰርኩት። ድምፅ እንደሆነ ድምፅ ነው አልኩ በልቤ፤ በሁለቱም በር ከተሰማ ምን ጎደለ? ደግሞም በወንጌል በግራ የቆሙት ፍየሎቹ አይደሉም? ሁሉን በቀኝ ማቆም ምን ክፋት አለው?

በስልኬ አንድ መዝሙር ከፈትኩ። ሁለቱም በሮች ዘመሩ። እትዬ ጥሩወርቅ ከማድቤት በሊጥ እጃቸው ወጥተው፣ «ሸጋ! ሸጋ! በሮቹ ሁሉ አፍ አወጡ!» አሉ። በደስታ ተኛሁ። ጠንቃቃ ሰው እንዲህ በደስታ ሲተኛ ጎረቤት መጠንቀቅ አለበት።

ቅዳሜ ማለዳ የኔታ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከጎኔ ተቀመጡ። መሪጌታ ሀብቴ የሁለቱንም መቋሚያ ይዘው ከኋላ ገቡ። ያን ዕለት የለበሱት ነጠላ ከታጠበ በኋላ ማንም ያልነካው ነበር፤ ሚስታቸው ከበር ላይ ሦስቴ አስተካክላላቸዋለች አሉ። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ስለሚያጓራ አልከፈትኩትም። አምባ ጊዮርጊስን አልፈን ሜዳው ሲዘረጋ፣ ገብሱ በሁለት ወገን ቢጫ ሆኖ ሲታይ፣ «በስመ አብ» ብዬ ከፈትኩ።

የቀኙ ረድፍ አነሣ። ምን ልበላችሁ? ማኪናዋ ሰፋች። የኔታ ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ መታ መታ አደረጉ፣ ፊታቸው በራ። ቀኙ ጨርሶ ለግራው ለቀቀ።

ከገደል ማዶ እንደሚመጣ ማጉረምረም ያለ ነገር ተሰማ።

«ምነው?» አሉ የኔታ።

«ገና ነው የኔታ፣ ሲሞቅ ነው…» አሉ መሪጌታ ከኋላ።

ቀኙ እንደገና አነሣ። ዕፁብ ነው። ግራው ሊቀበል ሲገባው ያው ማጉረምረም።

«ጥምጣማቸውን ነው የሚያኝኩት!» የኔታ ጋቢያቸውን ከጆሯቸው ገለጡ። «ሀብቴ፣ የዚያን ዕለት ታመህ ነበር?»

«በእግዚአብሔር የኔታ! ሲነጋ ድምፄ ተዘግቶ በምልክት ነበር የማወራው። ሚስቴ ምስክር ናት።»

«ሚስትህ ግራ ጌታ አይደለችም።»

ልረዳቸው ብዬ ድምፁን ጨመርኩት። ቀኙ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ፤ ግራው ያው የእንቅልፍ ወሬ። መርዳት እንደዚህ ነው፤ የተሳሳተውን ማጉያ ስትነኪ የተዋረደው የበለጠ ይዋረዳል። ቴፑን ስነካው እንደ ትኩስ ድንች ያቃጥላል። እኔም የዝማሬው ግለት ነው አልኩ።

የኔታ ጋቢያቸውን መልሰው ተከናነቡ። ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው፣ «ሽማግሌዎቹ መገንጠያው ላይ ወጥተው ይጠብቁኛል» አሉ። «የሚያንሾካሽክ ግራ ጌታ አመጣሁላችሁ ልበላቸው? ሌላ ሰው ይፈልጉ፣ ይኸው ነው የምለው።»

በመስታወቱ መሪጌታን አየኋቸው። ነጭ ነጠላቸው ውስጥ ያነሱ መሰለኝ። ከዚያ ግን እንደ መንቃት ብለው ወደ ፊት ተሳቡ።

«እህታችን፣ ይህ ቴፕ ድምፁን ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያዞር ነገር አለው ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«አለው፤ ባላንስ ይሉታል። ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይዞራል።»

«በይ እስከ መጨረሻው ወደ ግራ አዙሪልኝ። የግራው ብቻ ይሰማ። ዘምሬ እንደሆነ ይለይ፣ ካልዘመርኩም ይለይ።» ወደ የኔታ ዞሩ። «የኔታ፣ በዚህ ይፍረዱኝ።»

«እፈርዳለሁ» አሉ የኔታ።

አዞርኩት። እስከ መጨረሻው።

ዝም።

ማጉረምረሙ እንኳ ጠፋ። ሞተሩና ነፋሱ ብቻ ቀሩ። የኔታ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። «አየህ ልጄ» አሉ፤ አሁን ቁጣው ሄዶ ኀዘኑ ቀርቷል። መሪጌታ መቋሚያዎቹን ታቅፈው ወደ ኋላ ተደገፉ። እንደ ዘመረ የሚያውቅ ሰው፣ አለመዘመሩ ፊቱ ሲመሰከርበት ምን ይላል?

እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ግራው ረድፍ አልዘመረም እንበል። ከበሮውስ? ከበሮው ከመሐል ነው የሚመታው። የሕዝቡ ሳልስ? ቤተ ክርስቲያን መቼ ነው እንዲህ ያለ ዝምታ የሚሆነው? ይህ የረድፍ ዝምታ አይደለም። ይህ የሽቦ ዝምታ ነው። ሽቦው ደግሞ የእኔ ነው።

ፍሬን ያዝኩ። ማኪናዋን ከአንድ ባሕር ዛፍ ሥር አቆምኳት፤ የደብሩ መገንጠያ ከፊታችን ይታያል።

«የኔታ፣ መሪጌታ ዘምረዋል። የዋጥኳቸው እኔ ነኝ» አልኩ። ጉቶውን፣ ግራጫውን፣ ሁለቱን በር በቀኙ ማይክ መስመር ማሰሬን፣ የግራው ማይክ ድምፅ መውጫ ማጣቱን፣ በጎችና ፍየሎቹን ሳይቀር ተናገርኩ። የኔታ አቀርቅረው ሰሙኝ።

«ታዲያ እስካሁን የሰደብኩት ማንን ነው?»

«እኔን ነው፣ የኔታ።»

«ሰምተሻል እንግዲህ፤ አልደግመውም።» ወደ ኋላ ዞሩ። «ሀብቴ፣ ተቆጣህ?»

«ኧረ የኔታ» አሉ መሪጌታ፤ የነጠላቸውን ጫፍ ዓይናቸው ላይ አድርገው ነበር፣ ስቀው ይሁን አልቅሰው አላወቅሁም። «እኔስ ያን ዕለት በሕልሜ ነው እንዴ የዘመርኩት እያልኩ ነበር።»

«በይ፣ አውጪው ሰውየውን» አሉኝ የኔታ።

«ሰንበት ነው እኮ የኔታ። መፍቻ…»

«በሰንበት በግ ጉድጓድ ቢገባ ይወጣ የለም? ይኸ ግራ ጌታ ነው፣ ከነረድፉ!»

ከመሪው ሥር ገባሁ። የግራውን በር ሽቦዎች ከግራጫው ፈትቼ ከነጮቹ ጉቶዎች ላገናኝ ብል አይጠመዘዙም። ቦርሳዬን አስፈተሽኩ፤ ከራስ ምታት እስከ ሆድ ቁርጠት የማይፈወስ በሽታ የለም፣ የሽቦ ፕላስተር ግን የለም። የቁስል ፕላስተር ሞከርኩ፤ አንሸራተተ። መጨረሻ ላይ በቀኝ እጄ ነጩን ከነጩ፣ በግራ እጄ መስመር ያለበትን ከመስመር ካለበት ጋር ቆንጥጬ ያዝኩ። ሁለቱ እጆቼ ከተነካኩ ቴፑ ይጠፋል።

«ይነዝራል እንዴ?» አሉ መሪጌታ።

«የሚነዝረኝ ሀፍረቱ ነው። ከመጀመሪያው ይክፈቱት።»

ቀኙ አነሣ። ለቀቀ። ከራስጌዬ ካለው በር የግራው ረድፍ ተቀበለ! አንድ መንደር ሙሉ ሰው በር በርግዶ የገባ ነው የሚመስለው። ከሁሉም ፊት የመሪጌታ ሀብቴ ድምፅ፣ ወፍራም፣ የማይቸኩል፣ ረድፉን እንደ ጥሩ እረኛ ከኋላም ከፊትም የያዘ። የኔታን ማየት አልችልም፤ ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ መምታት መጀመሩን ብቻ እሰማለሁ።

ስነቃነቅ ግራው ይጠፋል፤ የኔታ በእግራቸው ወለሉን መታ ያደርጋሉ። ማስነጠስ ሲመጣብኝ በጸሎት መለስኩት። እንዲህ ተጋድሜ ሳለሁ እናቴ ትዝ አለችኝ። ጎባ በደወልኩ ቁጥር «ደህና ነሽ?» ትላለች፣ «ደህና ነኝ» እላለሁ። «በልተሻል?» «በልቻለሁ።» «ብርዱስ?» «ምንም አይል።» ስታመም፣ ሲከፋኝ፣ ዓመት በዓል ብቻዬን ሲያልፍብኝ አልነግራትም፤ እንዳትጨነቅ ብዬ፣ በጥንቃቄ። ለካ ለእናቴም ሁለቱን በር በቀኙ ነው ያሰርኩላት። እሷም የልጇን ግማሽ እየሰማች፣ ሌላው ግማሽ ለምን ዝም እንዳለ ሳይገባት ትኖር ይሆናል። ደግሞ የእናት ጆሮ ማጉረምረሙን አይስትም።

ይህን እያሰብኩ ከውጭ ኮቴ ሰማሁ። የደብሩ ሽማግሌዎች ናቸው። ማኪናዋ መጥታ ስትቆምባቸው መቋሚያና ጋቢያቸውን ይዘው በእግራቸው ደረሱ። ከሁሉ የሚቀድሙት አያ ደሴ የሚባሉ ረጅም ሽማግሌ በመስኮቱ ጎንበስ አሉ።

«ምነው? ታመመች ማኪናይቱ?… ይችስ ልጅ ምን ሆና ነው እዚያ ውስጥ የተቀበረች?»

«አትንኳት» አሉ የኔታ። «ግራውን ይዛ ነው።»

ምን እንደሆነ የገባው አልነበረም፤ ግን ማሕሌት ነው፣ እነሱም መዘምራን ናቸው። ማንም ሳያዝዝ ቀኝ ቋሚዎቹ ወደ ቀኙ በር፣ ግራ ቋሚዎቹ ወደ ግራው በር ሄዱ፤ ማኪናዬን እንደ ቅኔ ማሕሌት ከበቧት። ቀስ ብለው ከቅጂው ጋር መዘመር ጀመሩ። የግራዎቹ ፊት ላይ አንድ ሰው የሚሆን ክፍት ቦታ ነበር፤ የዐረፉት ግራ ጌታ ቦታ መሰለኝ። መሪጌታ ከማኪናዋ ወርደው ከበሩ አጠገብ ቆሙ፤ ወደ ክፍቱ ቦታ ግን አልገቡም።

ቀኙ አንሥቶ ሊጨርስ ሲቃረብ የኔታ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

«የባሌዋ፣ ልቀቂው።»

«ግራው ይጠፋል፣ የኔታ!»

«ልቀቂው አልኩሽ።»

ለቀቅሁት። ቀኙ ጨረሰ፤ የግራው በር ዝም አለ። አንድ ትንፋሽ ያህል ነፋሱ ብቻ ነበር። ከዚያ ከበሩ ውጭ፣ ከራሴ በላይ፣ መሪጌታ ሀብቴ ተቀበሉ። ሽቦ የለ፣ ሳጥን የለ፤ ሰውየው ራሳቸው። ሽማግሌዎቹ አንድ እርምጃ ሳይጎድሉ ተከተሏቸው። እየዘመሩ ሲራመዱ፣ ክፍት የነበረው ቦታ መሪጌታ የቆሙበት ሆኖ ተገኘ።

ሲያበቁ መቋሚያቸውን ተደገፉ። እኔም እጆቼ ደንዝዘው፣ አቧራ ለብሼ፣ ከመሪው ሥር ብቅ አልኩ። የኔታ የደከመ ዓይናቸውን ወደ አያ ደሴ አቀኑ።

«ስም ይስጡን ብላችሁ ነበር» አሉ። «እንግዲህ ሰማችሁት። ስሙን ራሱን ጠይቁት።»

አያ ደሴ ማኪናዋን ዞረው ወደ ግራው በር ሄዱና መሪጌታን ስማቸውን ጠየቋቸው።